የጎሕ ቃል አይቆጠርም

መለከቱ ባልተነፋበት ማለዳ የሰንደራ አሞሮች ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ላይ ተደረደሩ። ማታ የታለበ ወተት በየዕቃው ረጋ። የከተማው ሰውም፣ ከንግሥቲቱ እስከ በር ጠባቂያቸው፣ በየመኝታው ላይ ቁጭ ብሎ ደረቱን በእጁ ይዞ ቀረ። ማንም አልታመመም፤ መነሣት ግን አልቻለም።

ሰንደራን ለማያውቅ ሰው ሕጓን አስቀድሜ ልንገረው፤ ያለዚያ ታሪኩ አይገባውም። በዚያ አገር ጎሕ ከቀደደ ጀምሮ ፀሐይ የቤተ መንግሥቱን በር መቃን እስክትነካ ድረስ የተነገረ ቃል አይቆጠርም። በጎሕ የተሸጠ በሬ ለባለቤቱ ይመለሳል። በጎሕ «ፈትቼሻለሁ» የተባለች ሚስት ምንም እንዳልሰማች ሥራዋን ትቀጥላለች። የጥንት አባቶች እንቅልፍ የለቀቀው ሰው አካሉ ቀድሞ፣ ልቡ ደግሞ ዘግይቶ እንደሚነቃ ዐወቁ፤ በመሐል ባለው ክፍተት ሰቀቀን እንደሚገባም ዐወቁ፤ ይህንንም ሕግ ሠሩ። ፀሐይ መቃኑን ስትነካ የነሐሱ መለከት ይነፋል። ድምፁ እስከ ጠረፍ ይደርሳል፤ ሰቀቀኑ ከሰው ደረት ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ የተናገርከው ሁሉ ይያዝብሃል።

ያን ማለዳ ግን የመለከቱ ማንጠልጠያ ባዶ ነበር። ከሥሩ ጣትም ጥፍርም የሌለው እርጥብ ዱካ ተገኘ። መለከቱን አርባ ዓመት የነፉትና ከሥሩ የሚተኙት ሽማግሌ ዘርሙ ከመኝታቸው ሳይነሡ ዱካውን አዩት።

«ድንግዝ ነው» አሉ።

ድንግዝ በጎሕ ሰው ደረት ላይ የሚቀመጠው አውሬ ነው። መለከቱ በየቀኑ ያባርረው ነበር። አሁን የሚያባርረው ስለሌለ ሰንደራ ፀሐይ ብትወጣም ጎሕ የማያልቅባት አገር ሆነች።

ያን ማለዳ ከመኝታቸው የወረዱ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እኅትና ወንድም።

እኅትየዋ ዛምራ ትባላለች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ገመድ እየገመደች ትኖራለች። ሌላው ሰው መለከቱ እስኪነፋ ሲተኛ እሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጎሕ ሳይቀድ ትነቃለች። ስትነቃም ልቧን ከእሷ ቀድሞ ሲሮጥ ታገኘዋለች። ቤቱ የተቃጠለ፣ እናቷ የሞተች፣ ትናንት የተናገረችው ሁሉ ያሳፈራት ይመስላታል። ስለዚህ የራሷ ዘዴ ነበራት። ዐይኗን ሳትገልጥ የእግሯን ጣቶች አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ግድግዳውን በመዳፏ ትዳስሳለች። «ጎሕ ነው፤ አይቆጠርም» ትላለች። ከዚያ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ትታጠብና መለከቱን ትጠብቃለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ታፍር ነበር። ያን ማለዳ የተነሣችውም ስለለመደችው ነው።

ታናሽ ወንድሟ ሐርዳን ደግሞ የተነሣው ምንም ስላልነካው ነው። ሐርዳን እየሳቀ የሚነቃ ሰው ነበር። እናታቸው «የእኔ ብርሃን» ትለዋለች፤ ጎረቤት «ጎሕ የማይነካው» ይለዋል። ዛምራም ትቀናበት ነበር። ቅናት ክፉ ነው እያሉ የሚመክሩንን ሰዎች ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ አብዛኞቹ ጥሩ እንቅልፍ የሚተኙ ናቸው። እሷ በመልኩ አልቀናችም፤ ሰው ስለወደደውም አልቀናችም። በነቃበት ቅጽበት ፊቱ ላይ በምታርፈው ሰላም ነው የቀናችው። አንድ ማለዳ፣ አንድ ብቻ፣ እንደ እሱ ነቅታ ለማየት ያላትን ሁሉ በሰጠች ነበር።

በሦስተኛው ቀን ንግሥት ማዕዶት ሕዝቡን ሰበሰቡ። ሰው እየተጎተተ መጣ። ንግሥቲቱ በአንድ እጃቸው ደረታቸውን ይዘው እንዲህ አሉ፦

«የሰንደራ ልጆች ሆይ! ዛሬ አላዝዛችሁም። መለከቱ ስላልተነፋ የእኔም ቃል እንደ ማንኛችሁም ቃል አይቆጠርም። ዳኛ መፍረድ አቃተው፤ ሙሽራ መማል አቃተው። ድንግዝ መለከታችንን ወስዶ በዘብሔል ተራራ፣ በር በሌለው ዋሻው ውስጥ አኑሮታል። ንግሥት ሆኜ ሳይሆን ደረቷ እንደ ተጨነቀ አንዲት ሴት እለምናችኋለሁ። ማን ይሄድልኛል?»

ሽማግሌው ዘርሙ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«የሚሄደው ይህን ይወቅ! ዝም ያሰኙት መለከት በነጻ አይጮኽም። ከዝምታው በኋላ መጀመሪያ የነፋው ሰው የአገሩን ሁሉ ሰቀቀን ያነሣል፤ ቁራሹ ግን፣ ጎሕ ነክቶት የማያውቅ ሰው ቢሆን እንኳ፣ እደረቱ ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ሺህ ጊዜ ቢነፋለትም አይነሣለትም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ!»

የሰዉ ዐይን ሁሉ ወደ ሐርዳን ዞረ። «እሱ ይችለዋል! ደረቱ ሰፊ ነው!» ተባለ። ሐርዳንም እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ ወደ ፊት ወጣና ቀኝ እጁን አነሣ።

«በቆመ መቃን፣ በተከፈተም በር እምላለሁ! መለከቱን ሳልነፋ አልመለስም!»

መሐላው እንደማይቆጠር ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም እልል ተባለ። ዛምራ ጥርሷን ነከሰች። ሰቀቀንን እንኳ፣ እሷ ሃያ ሁለት ዓመት ብቻዋን የተሸከመችውን፣ ለእሱ እንደ ሽልማት ሊሰጡት ነው።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች። «ታናሼ ነው፤ ብቻውን አለቀውም።»

ሰው አመሰገናት። እኔ ግን እውነቱን ልናገር። የሄደችው ልትጠብቀው አልነበረም። መለከቱን በነፋ ማግሥት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰቀቀን ሲነቃ፣ ያን ፊቱን ልታይ ነበር።

ሦስተኛ ሆነው የተከተሏቸው በር ሠሪው አያ ጎርፉ ናቸው። ከአሮጌው የቤተ መንግሥት በር ሁለት ክንድ ተኩል የሚሆኑ ሁለት እንጨቶች ጠርበው ለእኅትና ለወንድም አንዳንድ ሰጧቸው።

«ስሙኝ ልጆቼ» አሉ። «መለከቱ ድምፅ የሚሰጠው ፀሐይ መቃን ስትነካ ብቻ ነው። ያ ሌባ በር የሌለው ዋሻ የመረጠው ለዚህ ነው። ይህን እንጨት በዋሻው አፍ ላይ ስትተክሉት መቃን ይሆናል፤ ዋሻው ቤት ይሆናል፤ ሕጋችንም ይገባበታል። ነፍሳችሁን ብትጥሉ እንኳ ይህን እንዳትጥሉ።»

«እርስዎስ እንጨት አይዙም?» አለ ሐርዳን።

«አምሳ ዓመት በር ሳቆም የኖርኩ ሰው ራሴ መቃን ነኝ፤ አርፈህ መንገድህን ምራ።»

ስድስት ቀን ሄዱ። ድምፃቸውን የሰው እናት አስመስለው የሚጣሩ ወፎች ያሉበትን የእሾህ ጫካ ጆሯቸውን በሰም ደፍነው አለፉ። ወንዙ በጎሕ ሽቅብ የሚፈስበትን ሸለቆ ተሻገሩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ራስ ያለው ዘንዶ መንገድ ዘጋባቸው፤ አንዱ ራስ ሲተኛ ሌላው ይነቃል። ዛምራ የተኛውን ራስ በገመዷ ሸምቅቃ ከቋጥኝ ጋር አሰረችው፤ ሐርዳን የነቃውን በጦር ወጋው። አያ ጎርፉም ወዲያው ለሐርዳን ጦር ግጥም አወጡለት። ስለ ገመዱ አንድ ስንኝ አልነበረም። ዛምራ ገመዷን እየጠቀለለች ግጥሙን እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ማለዳ ማለዳ ደግሞ ያው ነበር። እሷ ጎሕ ሳይቀድ ትነቃለች፤ ድንግዝ ከሩቅ የሚልከው ክብደት እደረቷ ላይ ነው። ሐርዳን ግን ከጎኗ አፉን ከፍቶ፣ ሕልም ላይ ሆኖ ይስቃል። አንድ ቀን አያ ጎርፉ እሷን እያዩ ኖሯል።

«ምንድን ነው የምትቆጥሪው?»

ደነገጠች። «የእግሬን ጣቶች።»

«አሥር አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። በጎሕ ግን ዘጠኝ ይመስሉኛል።»

አያ ጎርፉ አልሳቁም። «ለወንድምሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ?»

«ምን ይገባዋል እሱ!» አለች፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ መረረ። «ለእሱ ማለዳ ማለት መንጋቱ ብቻ ነው።»

በአምስተኛው ቀን ማታ ውርጭ ወረደ። ዛምራና አያ ጎርፉ ጭራሮ ለቅመው ሲመለሱ እሳቱ ተንቀልቅሎ ጠበቃቸው፤ ሐርዳን እጁን እያሞቀ በኩራት ተቀምጧል። በምን አነደድከው ሲባል መቃኑን አሳየ፤ እኩሌታው ፍም ሆኗል። ጎሕ ነክቶት የማያውቅ ሰው የመቃን እንጨት ከማገዶ ምን ይለየዋል? አያ ጎርፉ ዱላ ፈለጉ፤ በአቅራቢያው ያለው እንጨት ግን እሳቱ ውስጥ ነበር።

«ይቅርታ፣ አያ ጎርፉ» አለ ሐርዳን አንገቱን ደፍቶ። «የእታለም አለ አይደል?»

እውነትም የቀረው የዛምራ ብቻ ነበር።

በሰባተኛው ቀን የዘብሔል ተራራ ሥር ደረሱ። የአያ ጎርፉ ጉልበት አብጦ ስለ ነበር እሳቸው እዚያው ቀሩ። እኅትና ወንድም ብቻቸውን ወጥተው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዋሻው ውስጥ ገቡ። መለከቱ ጠባቂ ሳይኖረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሐርዳን አንሥቶ ወደ አፉ አስጠጋውና ነፋ፤ እንደ ባዶ ቅል ትንፋሹን ብቻ መለሰለት። ይዘውት ሊወጡ ሲዞሩ ጉልበታቸው ዛለ። የዋሻው አየር እንቅልፍ ነበር። ዛምራ እንጨቱን ለመትከል የዋሻው አፍ ድረስ ደረሰች፤ እዚያው ላይ ግን ተዘረረች። እንጨቱም አጠገቧ ተጋደመ።

ጎሕ ሲቀድ ነቃች። ድንግዝ ራሱ እደረቷ ላይ ተቀምጧል። የረጠበ ብርድ ልብስ ይመስላል፤ ፊት የለውም፣ የአመድ ቀለም ያላቸው ዐይኖች ብቻ አሉት።

«ዛምራ» አለ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «እኔና አንቺ የቆየን ወዳጆች ነን።»

«መለከታችንን ለምን ወሰድክ?»

«ቀናሁ። እናንተ ረፋድ አላችሁ፣ ቀትር አላችሁ፣ ማታ አላችሁ። እኔ ያለችኝ ጎሕ ብቻ ናት፤ እሷንም በየቀኑ ነጠቃችሁኝ። ይህ ለሌላው ላይገባው ይችላል፤ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።»

ዛምራም ታውቀው ነበር።

«እንግዲህ ስሚኝ» አለ ድንግዝ። «የወንድምሽን ማለዳ እሰጥሻለሁ። ያን የነቃበትን ሰላም፣ ሁሉንም፣ ለዘላለም። እኔ ከአንቺ ደረት ወርጄ በእሱ ደረት ላይ እቀመጣለሁ። አንቺ ያን እንጨት ከተጋደመበት አታንሺው። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ዛምራ ራሷን አዙራ ሐርዳንን አየችው። በዚያ ሁሉ ጉድ መሐል፣ በጠላቱ ዋሻ፣ በድንጋይ ላይ ተኝቶ ይስቃል። ያን ጊዜ ከሆዷ የወጣውን ነገር ስም ልሸፍንላት አልችልም፤ ቅናት ነው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ድንግዝ ግን አዋሳት።

«እሺ» አለች።

ክብደቱ ወረደ። ልቧ ሩጫውን አቆመና ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ። አየሩ እስከ ሆዷ ገባ። ቤቱ ቆሟል፤ እናቷ በሕይወት አለች፤ ትናንት የተናገረችው ተራ ነገር ነበር። ከልማዷ የተነሣ የእግሯን ጣቶች ቆጠረች፤ በአንድ ጊዜ አሥር ሆኑ። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነው! እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። ሌላው ሰው ሁሉ ይህን ይዞ ነበር ለካ የሚነሣው!

ከዚያ የወንድሟን ድምፅ ሰማች።

«እታለም… እታለም፣ ቤታችን የተቃጠለ መሰለኝ።»

«አልተቃጠለም።»

«እናታችን ሞታለች። ዐውቄዋለሁ። ልቤ ምን ሆኖ ነው? ልሞት ነው እንዴ?»

«አትሞትም፣ ሐርዳን።»

ደረቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ እየተንቀጠቀጠ ወደ እሷ ዞረ። ልታየው የመጣችው ፊት ይኸው ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመት ሰላም ያረፈበት ፊት አሁን እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተኮማትሯል። አየችው። ደስ እንዲላት ፈለገች፤ ደስ አላላትም።

«ይህ ነገር» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «አንቺ ላይ በየቀኑ ነው እንዴ?»

«በየቀኑ።»

«እና እየተነሣሽ ፊትሽን ትታጠቢ ነበር?» አለቀሰ። «አጠገብሽ ተኝቼ! እታለም፣ ምነው አንድ ቀን ብትቀሰቅሺኝ?»

ወዲያው ዘልላ ተነሣች ብል ዋሾ ነኝ። ብርሃኑ ከማዶው ገደል ወደ ወዲህኛው ቋጥኝ ሲሻገር ተጋድማ እያየችው ቆየች። አንድ ተጨማሪ ትንፋሽ ፈለገች፤ ከዚያም ሌላ አንድ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ነገር እጇ ውስጥ ነበር። ሰላሙ ግን የእሷ አልነበረም፤ በለበሰችው ቁጥር የእሱን መንቀጥቀጥ ትሰማለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ተነሥታ እንጨቱን ያዘች።

«ሐርዳን፣ ልንገርህ። ይህን ያመጣሁብህ እኔ ነኝ። ድንግዝ ሰላምህን ልስጥሽ አለኝ፤ እሺ አልኩት። ቀንቼብህ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቀንቼብሃለሁ።»

ሐርዳን በሰቀቀኑ መሐል ሆኖ አያት።

«መቼ ነው እሺ ያልሽው?»

«አሁን። ጎሕ ሲቀድ።»

«ታዲያ» አለ፤ ፈገግ ሊል ሞክሮ አቃተው፤ «የጎሕ ቃል መቼ ይቆጠራል?»

ድንግዝ ከወንድሟ ደረት ላይ ሆኖ ጮኸ። «በዚህ ቤት መቃን የለም! በእኔ ዋሻ የተባለ ሁሉ ይጸናል!»

«አሁን አለ» አለች ዛምራ፤ እንጨቱንም በዋሻው አፍ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ባላት ኃይል ሁሉ ቀበቀበችው።

ሐርዳን በጉልበቱ እየዳኸ መለከቱን አነሣ። «እኔ ልንፋው። የማልኩት እኔ ነኝ።»

«አምጣው» አለች። «አንተ አንድ ማለዳ ነው ያየኸው። እኔ ለምጄዋለሁ።»

«ለዘላለም ነው እኮ፣ እታለም! መለከቱም አያነሣልሽም!»

«ሰምቻለሁ፤ አምጣው።»

ፀሐይ ከማዶው ተራራ ብቅ አለችና የእንጨቱን ጫፍ ነካች። ዛምራ መለከቱን ከመንፋቷ በፊት አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች፤ የሰላሟ የመጨረሻ ትንፋሽ ነበረች፤ ጣፈጠቻት። ከዚያ ነፋች።

ድምፁ ተራራውን አናወጠ፤ ሸለቆውን ሞላ፤ ጫካውን አልፎ የሰንደራን ቅጥር መታ። አሞሮቹ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ። በየመኝታው ደረቱን ይዞ የነበረው ሰው እጁን ለቀቀ። ንግሥት ማዕዶት ከአልጋቸው ወርደው ዳኞቻቸውን አስጠሩ። ድንግዝ ከሐርዳን ደረት ላይ እንደ ጉም ተነሥቶ በፀሐዩ በነነ። የቀረችው ቁራሽ ብቻ ነበረች፤ ያቺ በዝምታ መጥታ በለመደችው ቦታ፣ በዛምራ ደረት ላይ ተቀመጠች።

ሐርዳን ሰላም ወደ ፊቱ ሲመለስ ተሰማው፤ አፈረበትም።

እንዲህ ሆኖ መለከቱ ወደ ማንጠልጠያው ተመለሰ። ንግሥቲቱ ለዛምራ ካባ አለበሷት፤ አያ ጎርፉም ስለ ገመዱ አሥራ ሁለት ስንኝ አወጡ፤ አምስቱ ቤት አይመቱም። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ድረስ መለከቱን በሰማ ቁጥር ስሟን ያነሣል። እሷ ግን ያን ስም በሚያነሡት ሰዎች በሙሉ፣ ደህና ተኝተው በነቁት ሁሉ፣ ትቀናለች። ጀግና ሆነች ማለት ቅናቷ ለቀቃት ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። በየማለዳው፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ የቤቷ በር ቀስ ብሎ ይከፈታል። በሰንደራ እንደ እሱ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ያልነበረው ሐርዳን፣ ዐይኑ እንዳበጠ፣ እያዛጋ ይገባና ከእግሯ ሥር ይቀመጣል። ከተመለሱ ጀምሮ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ዛሬም ገባ።

«ሂድና ተኛ» አለችው ዐይኗን ሳትገልጥ፤ ልቧ እየሮጠ። «አንተን ማን ቀሰቀሰህ?»

«ማንም። ስንት ሆኑ?»

«ዘጠኝ።»

ሐርዳን ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ የእግሯን ጣቶች አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረላት። «አሥር ናቸው፣ እታለም። ድጋሚ ልቁጠር?»

«ቁጠር።»

ድጋሚ ቆጠረ። ፀሐይ መቃኑን ነካች፤ መለከቱ ተነፋ። ሰቀቀኑ ከሰንደራ ሰው ሁሉ ላይ ተነሣ፤ ከእሷ ላይ አልተነሣም። ዛምራ ግን ተነሥታ ፊቷን ታጠበች።